የቤት ውስጥ አትክልት በሌሊት ያርፋልን? በተለመደ አነጋገር ላይ የቀረበ ትችት

የቤት ውስጥ አትክልት በሌሊት ስለሚያደርገው ነገር በአሶሳም ሆነ በአዲስ አበባ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ቃሎች ይነገራሉ። አንደኛው የቆየው ነው፤ ይኸውም ዕፅዋት ሲመሽ አየሩን ስለሚያበላሹ በመኝታ ቤት ሊያድሩ አይገባም፥ ከዛፍ ሥር ማደርም ጤና ይነሣል የሚለው ነው። ሁለተኛው አዲሱ ነው፤ አበባ የሚሸጡ ሰዎችም ይደጋግሙታል። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሳንሰቪዬሪያ፥ ከእርሱም ጋራ ሬት፥ ሌሊቱን ሙሉ ኦክሲጅን ስለሚሰጡ ከአልጋ ራስጌ ቢቀመጡ መልካም ነው ይላል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ተክሉ ቀን ሠርቶ ማታ እንደሚያርፍ የሚጠራጠር ከመካከላቸው የለም። እኛ ልንተች ያሰብነው ሦስቱንም ነው። ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም በሦስተኛው ክፍል እንደምናሳየው የሰው ሕይወት አለበት።

በመጀመሪያ ዕረፍት የተባለውን እንይ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላ ሁመር የታወቀ ዛፍ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ያሉት ሱዳኖች አረዴብ ይሉታል። ቅጠሉ ከአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ በጥንድ በጥንድ የተደረደሩ ታናናሽ ቅጠሎች ስብስብ ሲሆን፥ ፀሐይ ስትጠልቅ ጥንዶቹ እንደ መጽሐፍ ይዘጋሉ፤ ሲነጋ ይከፈታሉ። ይህን ነገር በጽሑፍ ያቈየልን ጥንታዊ ሰው ከታላቁ እስክንድር ሠራዊት ጋራ የነበረው አንድሮስቴኔስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ቲሎስ በምትባለው፥ ዛሬ ባሕሬን በምንላት ደሴት የሁመርን ዛፍ አይቶ ጠባዩን ተረከ፤ ቴዎፍራስጦስም ከእርሱ ተቀብሎ በዕፅዋት መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። የአገሩ ሰዎች ዛፉ ይተኛል ይሉ እንደ ነበር ተጽፏል። እንግዲህ «ይተኛል» የሚለው ቃል ዕድሜው ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ሊኔዎስም በ1755 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የዕፅዋት እንቅልፍ የሚል ርእስ የሰጠውን ጽሑፍ አውጥቶ ቃሉን አጸደቀው።

ቃሉ ለግጥም ያምራል፤ ለትምህርት ግን ችግር አለበት። የተኛ ሰው ጡንቻው ይላላል፥ እጁ ይወድቃል። የሁመር ቅጠል ግን ደክሞ አይወድቅም። በእያንዳንዱ ቅጠል እግር ሥር እብጥ ያለች ታናሽ መገጣጠሚያ አለች፤ በላይዋና በታችዋ ያሉት ሕዋሳት ፖታሲየምን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ወገን ያሳልፋሉ፥ ውሃም ፖታሲየሙን ተከትሎ ይሄዳል፤ ውሃ የገባበት ወገን ያብጣል፥ የወጣበት ይሟሽሻል፥ ቅጠሉም ይታጠፋል። ይህ ኃይል የሚወጣበት ሥራ ነው። በራችንን ማታ ስንዘጋ ተኛን እንደማይባል ሁሉ ሁመርም ቅጠሉን ስለ ዘጋ ተኛ ሊባል አይገባም። ግራር፥ ሰሳ፥ የድሬዳዋ ዛፍ፥ ቦሎቄም እንደየመልካቸው ይህንኑ ያደርጋሉ። ከቤት ውስጥ አትክልትም ቅጠሉ በዝንጕርጕር ቀለም የተጌጠው ማራንታ ማታ ማታ ቅጠሎቹን እንደ ጸሎተኛ እጅ ወደ ላይ ያቆማል።

እዚህ ላይ ቤቱ ውስጥ ለሚደርሰው ጉዳት ዋናው ምክንያት የቃል ስሕተት መሆኑን ልናመለክት እንወዳለን። በአማርኛ «ጠወለገ» እና «ተከደነ» የተለያዩ ናቸው። መጠውለግ ውሃ ማጣት ነው፤ መከደን ውሃን ከወገን ወደ ወገን ማዛወር ነው። አንዳንድ ባለቤት ግን ማታ ቅጠሉ ተንጠልጥሎ ሲያይ ጠወለገ ብሎ ይደነግጥና ጣሳውን ውሃ ያጠግበዋል፤ በማግሥቱ ጠዋት ቅጠሉ ቀና ሲል ውሃው አዳነው ብሎ ያምናል፤ ማታ ደግሞ ይደግመዋል። ከታች ቀዳዳ የሌለው የዘይት ጣሳ ከሆነ በጥቂት ሳምንት ሥሩ በስብሶ ተክሉ ይሞታል። በአሶሳ ዝናቡ በአንድ ክረምት ተጠቃልሎ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ስለሚዘንብና አየሩም እርጥብ ስለሚሆን በዚያ ወራት ይህ ስሕተት ይብሳል።

ቅጠሉ ስለ ምን ይታጠፋል ለሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የተሰጠው መልስ አንድ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋራ በ1880 ባሳተመው ስለ ዕፅዋት እንቅስቃሴ በሚናገረው መጽሐፍ፥ እንዳይታጠፉ ታስረው በብርድ ሌሊት ከሰማይ በታች ያደሩ ቅጠሎች ከታጠፉት ይልቅ በውርጭ እንደ ተጐዱ በፈተና አሳይቶ፥ መታጠፍ ከብርድ ለመዳን ነው አለ። ፈተናው የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ውርጭ በማያውቀው በአባይ ሸለቆ ቆላ የሚያድገው ሁመር ስለ ምን ይታጠፋል ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ይህ መልስ ብቻውን አይበቃውም። ኋላም ቢዩኒንግ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1969 ከባልደረባው ጋራ ሌላ አሳብ አቀረበ፤ የጨረቃ ብርሃን የተክሉን የሌሊት ቈጠራ እንዳያሳስት ቅጠሉ ጐኑን ይሰጣል አለ። ሌሎች ደግሞ የታጠፈ ቅጠል ቅጠል በል ተባዮችን ለአዳኞቻቸው ያጋልጣል ይላሉ። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት በቻይና በተገኙ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበሩ የቅጠል ቅሪቶች ላይ ግራና ቀኝ የሚመሳሰሉ የተባይ ቀዳዳዎች ማግኘቱን ገለጸ፤ ይህም ቅጠሉ ታጥፎ ሳለ ተባዩ ሁለቱን ገጽ አብሮ እንደ በሳ ያመለክታል። በእኛ ግምት ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለአገራችን ቆላ የሚስማማውን ለይቶ መፈተን ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚገባ ሥራ ነበር።

ያልታጠፉትስ? ቅጠላቸውን የማያንቀሳቅሱ አትክልቶች በእርግጥ ያርፋሉ እንዳይባል ውስጣቸውን መመልከት ነው። ተክል ቀን በፀሐይ ኃይል ከሠራው ስኳር ከፊሉን ወደ ስታርች ለውጦ በቅጠሉ ያከማቻል፤ ማታ ይህንኑ እየፈታ ሥሩንና እንቡጡን ይመግባል። ከ2010 ወዲህ አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ ተክል ላይ የተደረጉት ምርምሮች እንዳሳዩት ስታርቹ ሊነጋ ሲል ለማለቅ በሚበቃ ፍጥነት ተለክቶ ይፈታል፤ መብራቱ ሳይታሰብ ቀድሞ ቢጠፋ እንኳ ተክሉ ፍጥነቱን ቀንሶ እስከ ንጋት ያደርሰዋል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ቀን ቈጥራ ጎተራዋን የምታካፍል የቤት እመቤት የምታደርገውን ነው የሚያደርገው። ሌላም ምስክር አለ፤ በክረምት ጠዋት በጎደሬ ቅጠል ጫፍ ላይ የሚታየው ጠብታ ሁሉ ጤዛ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሥሩ ሌሊቱን ከእርጥብ አፈር የገፋው ውሃ በቅጠሉ ጠርዝ ባሉ ቀዳዳዎች የወጣ ነው። ይህን ሁሉ ዕረፍት ካልነው ሥራ የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወደ አየሩ ነገር እንለፍ። ዕፅዋት ሌሊት አየር ያበላሻሉ የሚለው አሳብ ባልቴቶች የፈጠሩት ተረት አይደለም። ያን ኢንገንሁስ የተባለው ሐኪም በ1779 ባሳተመው መጽሐፍ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን አየሩን እንደሚያጠሩ፥ በጨለማ ግን እንደሚያበላሹ በፈተና ገልጾ ነበር። ነገሩ እውነት ነው፤ ስሕተቱ ከመጠኑ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ነርሶች ማታ ማታ አበባውን ከሕሙማን ክፍል የማውጣት ልማድ ለብዙ ዘመን የቆየው ከዚህ የተነሣ ነው። ወደ እኛ ትምህርት ቤትም «ተክል ቀን ኦክሲጅን ይሰጣል፥ ማታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል» በሚል በቃል በሚያዝ ዐረፍተ ነገር ገባ። ይህ ዐረፍተ ነገር ለፈተና ቢያሳልፍም ሁለት ነገር ያሳስታል። ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያወጣው ማታ ብቻ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ሕያው ፍጥረት ሌትና ቀን ይተነፍሳል፤ ቀን የማይታየው በብርሃን ከሚወስደው ስለሚያንስ ነው። ሁለተኛም ስለ ልክ አንዳች አይናገርም።

ልኩን እኛ በግምት አሰብነው። የተኛ ጎልማሳ ሰው በሰዓት ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር የሆነ ቅጠል፥ ማለት በጣም የተንዠረገገ የቤት ተክል፥ በጨለማ በሰዓት የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሊትር አንድ ዐሥረኛ ያነሰ ነው። ስለዚህ አንድ ተኝቶ የሚያንኰራፋ ወንድም ከመቶ የሚበልጡ እንደዚህ ያሉ ተክሎችን ያህል አየሩን ያበላሻል። ተክሉን ከመኝታ ቤት የምናስወጣ ከሆነ ወንድማችንን ደግሞ ቀድመን ልናስወጣው ይገባል ማለት ነው። የኦክሲጅኑም ነገር እንዲሁ ነው። ርዝመቱ 4፥ ወርዱ 3፥ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 30,000 ሊትር አየር ሲይዝ፥ ከዚህ ውስጥ ወደ 6,300 ሊትር የሚሆነው ኦክሲጅን ነው። ሰው በ8 ሰዓት እንቅልፍ የሚፈጀው 120 ሊትር አይሞላም፤ ከመቶው ሁለት እጅ እንኳ አይደርስም። ተክሉ ቢጨምርም ቢቀንስም የተኛው ሰው አያውቀውም።

የአዲሱ ወገን አሳብ ከዚህ የባሰ ስሕተት አለበት፤ ምክንያቱም በግማሽ እውነት ላይ የቆመ ነው። ሬት፥ ሳንሰቪዬሪያ፥ በየአጥሩ የምናውቀው እንዳሁላም ቅጠላቸው ወፍራምና ውሃ ያዘለ ነው። እነዚህ ተክሎች ቀን ውሃቸው እንዳይተን የቅጠላቸውን ቀዳዳ ዘግተው ይውላሉ፤ ማታ ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገቡና ወደ ማሊክ አሲድ ለውጠው ያከማቹታል፤ ሲነጋ ከአሲዱ መልሰው አውጥተው በብርሃን ምግብ ይሠሩበታል። ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ሰው በሕንድ አገር የእንዳሁላን ዘመድ ቅጠል በጠዋት ቢቀምሰው ኮምጣጣ፥ ቀትር ላይ ጣዕም የለሽ ሆኖ አግኝቶ በ1813 ለለንደኑ የሊኔዎስ ማኅበር ጻፈ። (አንባቢ እንዲቀምስ አንመክርም፤ ከወገኑ መርዛም የሆኑ አሉና፤ ሊትመስ ወረቀት ይበቃል።) እንግዲህ እነዚህ ተክሎች ሌሊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውሰዳቸው እውነት ነው። ኦክሲጅን ግን አይሰጡም። ኦክሲጅን የሚወጣው ብርሃን ውሃን ሲሰነጥቅ ነው፤ ብርሃን በሌለበት ሊወጣ አይችልም፤ እንዲያውም ሬትም እንደ እኛው ሌሊቱን ኦክሲጅን ይወስዳል። «ወሰደ» ከሚለው «ሰጠ» ወደሚለው የተዘለለው በሻጩ አንደበት ነው። በ1989 በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት የወጣው ጥናትም ለዚህ ወገን ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ያ ጥናት ግን የተደረገው በታናናሽ የተዘጉ ሣጥኖች ውስጥ ነበር። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት እነዚህንና የመሳሰሉትን ፈተናዎች አሰባስቦ ሲመረምር፥ በተራ አየር መለዋወጥ ከቤት የሚወጣውን ጎጂ ትነት ያህል በተክል ለማጥራት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል አለ። ለሰው መቆሚያ ይቀራል ወይ የሚለውን ለአንባቢ እንተወዋለን።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው የተክል ጠበቃ ለመሆን ብቻ አይደለም። በመኝታ ቤት አየር በእርግጥ የሚገድል ነገር አለ፤ እርሱም የከሰል ማንደጃ ነው። ቡና ተፈልቶ፥ ወይም በብርድ ወራት ክፍሉ እንዲሞቅ ተብሎ፥ ፍም የያዘ ማንደጃ በተዘጋ ቤት ሲያድር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ቀይ ሕዋስ ጋራ የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው፤ የተኛውም ሰው ሳይነቃ ያልፋል። በአገራችን በዚህ ምክንያት ቤተ ሰብ ሁሉ የሞተበት ጊዜ አለ። እኛን የሚያስቈጣን አንድ ቤት ውስጥ አበባው በጥንቃቄ ወደ በረንዳ ሲወጣ ማንደጃው ከአልጋው ሥር ሲቀር ማየት ነው። ሰውዬው ስለ ሌሊት አየር ተምሯል፤ የተማረው ግን መጠን የሌለውን ዐረፍተ ነገር ነው። ስለ አየሩ የተጨነቀውን ጭንቀት ሁሉ በተክሉ ላይ አውጥቶ ጨርሶታል።

በአሶሳ አካባቢ ነገሩ የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው የቤቱ አሠራር ስለተለወጠ ነው። የዚያ አገር የቆየው ቤት ከሽመል፥ ማለት ከቆላ ቀርከሃ የተሠራ ነው፤ ሽመሉ በክልሉ በብዛት የሚበቅል ስለሆነ ግድግዳውም አጥሩም እርሱ ነበር። በተጠለፈው ሽመል መካከል አየር ስለሚገባና ስለሚወጣ ጭሱም ጋዙም መንገድ ነበረው። ዛሬ ከተማው በብሎኬትና በመስተዋት መስኮት ሲታነጽ፥ ስንጥቁ ተደፈነ፥ ማንደጃው ግን ከቤቱ አልወጣም። የባዮሎጂ መምህር ስለ ዕፅዋት ትንፈሳ በሚያስተምርበት ሰዓት ከተክሉ፥ ከሰውየውና ከማንደጃው የሚወጣውን ጋዝ በአንድ ሠንጠረዥ ጐን ለጐን ቢያስጽፍ፥ የማንደጃውንም ጋዝ ዐይነት ለይቶ ቢያስረዳ፥ ከብዙ ስብከት ይሻል ነበር እንላለን።

ዕረፍት የሚለው ቃል የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ቈጠራ ነው። ፈረንሳዊው የከዋክብት ተመራማሪ ደ ሜራን በ1729 ሲነካ የሚከደነውን ሚሞዛ በጨለማ ውስጥ ቢያኖረው ፀሐይን ሳያይ በሰዓቱ ሲከፈትና ሲዘጋ አየ። ደ ካንዶል በ1832 ብርሃኑ ሳይቋረጥ ቢያኖረው ዙሩ ከ24 ሰዓት ወደ 22 ወይም 23 ሰዓት አጠረ፤ ይህም ሰዓቱ ከውጭ የተነገረው ሳይሆን የተክሉ የራሱ መሆኑን አስረዳ። ቢዩኒንግም በ1930ዎቹ ቦሎቄን አዳቅሎ የዙሩ ርዝመት ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚወረስ አሳየ። በአገራችን የሰዓት አቈጣጠር ቀንና ሌሊት ከ12 ሰዓት ላይ መጀመሩ ለዚህ ጥናት እጅግ ይመቻል፤ ሁመሩም እኛም አንድ ቦታ ላይ «አንድ» ብለን እንጀምራለንና። ይሁን እንጂ አገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲሠራ ፀሐይ ግን ለምሥራቁ ትቀድማለች፤ አሶሳ በምዕራብ ጫፍ ስላለች ፀሐይ የምትጠልቅባት ከሐረር ወደ 30 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። የአሶሳው ሁመር በእጅ ሰዓት ሲለካ ከሐረሩ ዘግይቶ ቢዘጋ ሰነፍ አይባልም።

ይህ ቈጠራ በማሳ ላይ ገንዘብ ነው። ጋርነርና አላርድ በ1920 እንዳሳወቁት አኩሪ አተር የሚያብበው የቀንና የሌሊትን ርዝመት ለይቶ ነው፤ ኋላ እንደ ታወቀውም በዋናነት የሚለካው ሌሊቱን ነው። በአሶሳ በዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ነው። ሌሊቱ አጭር ከሆነበት ከሩቅ ሰሜን አገር የመጣ ዘር በዚህ ሲዘራ ሌሊቱ ረዘመ ብሎ ገና ሳያድግ ያብባል፥ አጥሮም ይቀራል። በመተከል የሚገኘው የፓዌ የግብርና ምርምር ማእከል በአኩሪ አተር የታወቀ ነው፤ የዘር መምረጥ ሥራ ለዚህ ኬክሮስ ሌሊት የሚስማማውን ከመለየት ውጭ አይሆንም። በተቃራኒው በመንገድ መብራት ሥር የበቀለ አኩሪ አተር ሌሊቱ የጠፋበት ስለሚመስለው ሌላው ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ ይቈያል። የመብራት ምሰሶ በየጓሮው እየተጠጋ ባለበት ጊዜ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ቲማቲምም ያለማቋረጥ ብርሃን ቢበራበት ቅጠሉ ይገረጣል፥ ይጐዳልም። ከዚህ አንጻር የቤት ውስጥ አትክልትን ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ሥር ማቆም ቸርነት አይደለም፤ ጨለማው ያስፈልገዋል፥ የሚያስፈልገው ግን ለመተኛት ሳይሆን ለመቍጠር ነው።

በመጨረሻ፥ ክርክሩን በወረቀት ብቻ እንዳንተወው ብዙ ወጪ የሌለበት ፈተና እናቀርባለን። የሁመር ፍሬ በአሶሳ ገበያ ይገኛል። ዘሩን ከመዝራት በፊት ጥቂት ሰዓት በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ይበጃል። ችግኞቹ እውነተኛ ቅጠል ካወጡ በኋላ ሦስቱ በመስኮት አጠገብ፥ ሦስቱ ብርሃን በማያስገባ የካርቶን ሣጥን ውስጥ፥ ሦስቱ ደግሞ ሌትና ቀን በማይጠፋ መብራት ሥር ይቀመጡ። የእያንዳንዱ ጥንድ ቅጠል ማእዘን በየሁለት ሰዓቱ፥ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ማግሥቱ ምሽት 1 ሰዓት፥ ለሦስት ቀን ይለካ፤ በሣጥኑ ላሉት ደብዛዛ አረንጓዴ መብራት ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ይብራ። የመለኪያው ተራ በተማሪዎች መካከል ቢከፋፈል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚደርሰው ሰው እንዳይቀር አስቀድሞ ሁለት ሰው መመደብ ያስፈልጋል፤ የዚያች ሰዓት ቍጥር ከጐደለች የዙሩን ርዝመት በትክክል ማስላት ያስቸግራልና።